በደጋን እግር ስለ ቆመው የእንጨት ፈረስ

በአዳማ ከተማ ጎዳና ላይ ለብዙ ዘመን ሁለት ዓይነት ፈረስ አብሮ ሲሮጥ ይታይ ነበር። አንዱ ባለጋሪው በአለንጋ እየነዳ መንገደኛና ዕቃ የሚያደርስበት የሥጋ ፈረስ ነው፤ ሁለተኛው ልጆች በእግራቸው መካከል አድርገው፣ ጫፉን በክር ለጕመው፣ በአፋቸው እያሽካኩ የሚጋልቡት የሸንበቆ ፈረስ ነው። የመጀመሪያው ሦስት እግር ያለው ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ከዋናው ጎዳና ወደ ዳር መንደር ተገፍቷል፤ ሁለተኛውም ከሩቅ አገር በመርከብ ተጭኖ በሚመጣው የፕላስቲክ መጫወቻ ፊት እያፈረ ሄዷል። እንግዲህ ከእነዚህ ከሁለቱ ጐን አንድ ሦስተኛ ፈረስ አቁሞ፣ መልኩንና አካሄዱን መርምሮ፣ ለዚህ አገር ልጅ ይበጃል ወይስ አይበጅም ብሎ መፍረድ ከንቱ ሥራ አይደለም።

የሦስተኛው ፈረስ አሠራር እንዲህ ነው። አካሉ ከእንጨት ይጠረባል፤ አራቱ እግሮቹ ግን መሬት አይነኩም፤ ሁለት ሁለት ሆነው እንደ ደጋን በጐበጡ ሁለት እንጨቶች ላይ ይተከላሉ። የደጋኑ ሆድ ወደ ምድር፣ ጫፎቹም ወደ ላይ ስለ ሆኑ፣ በጥቂት ግፊት ፈረሱ ወደ ፊት ይደፋል፣ ወደ ኋላ ይቃናል፣ ተመልሶም ይደፋል። አውሮፓውያን ይህን የሠሩት ልጅ ተቀምጦበት እንዲወዛወዝ ነበር። በዛሬው ዘመን ግን በልዩ ልዩ አገር ያሉ የእጅ ጥበብ ሰዎች የጥንቱን መጫወቻ እያዩ አሳንሰው፣ በመዳፍ ላይ የሚቆም አድርገው ይሠሩታል፤ ገዢውም ከመስኮት ዳር ወይም ከመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ያኖረዋል። የሚመረመረው ይህ ትንሹ ነው፤ ነገር ግን ትንሹን ለመመዘን ትልቁን ማወቅ ግድ ይሆናል።

መጫወቻ ፈረስ አዲስ ነገር አይደለም። በጥንት የግሪክ መቃብሮች ውስጥ በመንኰራኵር ላይ የቆሙ የሸክላ ፈረሶች ተገኝተዋል፤ በሮማውያን ዘመን በነበረችው ግብጽም ከእንጨት ተጠርቦ በገመድ የሚጐተት ባለመንኰራኵር ፈረስ ነበረ። በኢትዮጵያም ከአክሱም አጠገብ በሐውልቲ በተደረገው ቁፋሮ የወጡት ትናንሽ የሸክላ እንስሳት፣ የእንስሳን መልክ አሳንሶ መሥራት በዚህ ምድር ምን ያኽል የቈየ ልማድ መሆኑን ያሳያሉ። ደጋኑ ግን ዘግይቶ የመጣ ነው። የእንግሊዝ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ በልጅነቱ ተጫውቶበታል የሚባል፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1610 ገደማ የተሠራ አንድ ከባድ ፈረስ ዛሬም ተጠብቆ አለ። የዚያ ዘመን ፈረሶች ብዙዎቹ ፈረስ ከመምሰል ይልቅ ሣጥን ይመስላሉ፤ ሁለት የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ሳንቆች ግራና ቀኝ ይቆማሉ፣ በመካከላቸው መቀመጫ ይሆናል፣ ከፊት ራስ፣ ከኋላ ጅራት ይጨመራል፤ እግሮቹ በሳንቃው ላይ በቀለም ይሣላሉ እንጂ አይቀረጹም። የመኳንንት ልጅ ኮርቻ ላይ መቀመጥ የሚለምድበት ዕቃ ነበርና፣ ለመልኩ ብዙም አልተጨነቁለትም።

ከዚያ በኋላ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት ጠራቢው እጁን አሳየ። አንገት ወጣ፣ አፍንጫ ተከፈተ፣ ዐይን ከመስተዋት ተሠራ፣ ጋማና ጅራት ከእውነተኛ ፈረስ ጠጕር ተተከለ፤ በእንጨቱም ላይ ጀሶ ተቀብቶ በግራጫ መደብ ላይ ጥቋቍር ነጠብጣብ ተሣለ። ዛሬ የሚያሳንሱት ሰዎች የሚከተሉት አብዛኛውን ጊዜ የዚህን ዘመን ፈረስ ነው። በ1880 ደግሞ በአሜሪካ በሲንሲናቲ ከተማ የነበረ ማርኳ የሚባል ሠሪ ደጋኑን አስወግዶ ፈረሱን በቋሚ መሠረት ላይ በብረት የሚያንጠለጥል አዲስ ሥራ በስሙ አስመዘገበ። ደጋኑ የልጅ ጣት ይቀጠቅጥ ነበርና፣ ሲወዛወዝም ከቤቱ ጫፍ እስከ ጫፍ እየተንፏቀቀ ይሄድ ነበርና፣ ወላጆች ደስ ብሏቸው ተቀበሉት። የልጅ ጣት መዳኑ መልካም ነው፤ ፈረሱ ግን ያን ቀን መሬቱን አጣ። ዝም ብሎ በአየር ላይ የሚወዘወዝ ፈረስ ከሚንፏቀቅ ፈረስ ይልቅ ሥርዓት ያለው ቢሆንም፣ ፈረስነቱ ያነሰ ነው።

ስለ መልኩ ሲፈረድ መጀመሪያ የሚጠየቀው፣ ይህ ፈረስ በምን አረማመድ ላይ ሳለ ተቀረጸ የሚለው ነው። የድሮዎቹ ጠራቢዎች የፊት እግሮቹን ወደ ፊት፣ የኋላዎቹን ወደ ኋላ ዘርግተው ሠሩት፤ ፈረስ በግልቢያ ጊዜ አራቱን እግሮቹን ዘርግቶ ይበርራል ብለው ያምኑ ነበርና። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1878 ማይብሪጅ የሚባል ፎቶግራፍ አንሺ በካሊፎርኒያ የሚሮጥ ፈረስ በተከታታይ ባነሣ ጊዜ ነገሩ ተገለጠ፤ ጋላቢ ፈረስ አራት እግሩ ከመሬት የሚለቀው እግሮቹን ከሆዱ በታች በሰበሰበ ጊዜ ነው እንጂ በዘረጋ ጊዜ አይደለም። እንግዲህ የጥንቱ መጫወቻ የቆመው ማንም ፈረስ በማያውቀው አረማመድ ነው። ይህ ስሕተት ግን በሥራው ላይ እንደ ነውር አይቈጠርም። እግሮቹ ተዘርግተው ደጋኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ካልያዙት ፈረሱ አይጸናም፤ ስሕተቱ ለዕቃው ያስፈልገዋል። የሚያስነቅፈው፣ ዛሬ ትንሹን የሚሠራ ሰው ይህን ሳያውቅ፣ የተዘረጋውን እግር ውበት ነው ብሎ ደጋን በሌለው ፈረስ ላይ ሳይቀር ሲደግመው ነው።

ከመልኩ ይልቅ የሚደነቀው አካሄዱ ነው። በአማርኛ የፈረስ አረማመድ ሶምሶማ፣ ደንገላሳና ግልቢያ ተብሎ ይለያል። ሶምሶማ ጋላቢውን ከታች ወደ ላይ ያነጥራል፤ ደንገላሳ ግን ፊትና ኋላውን እያፈራረቀ እንደ ሞገድ ያነሣል፣ ያወርዳል። በደጋን የቆመው የእንጨት ፈረስ ከአንዲት ስንዝር መሬት ሳይርቅ የሚሰጠው ይህን ደንገላሳ ነው። መንኰራኵር ያለው ፈረስ ይሄዳል፣ ጋላቢው ግን እንደ ጋሪ ተሳፋሪ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ደጋን ያለው ፈረስ አይሄድም፣ ጋላቢው ግን ይጋልባል። ይህን ያሰበው ሰው፣ ስሙ ባይታወቅም፣ ሊቅ ነበረ።

ትልቁን እንዲህ ካመሰገኑ በኋላ ወደ ትንሹ ሲመጡ ግን ምስጋናው ይቀንሳል። አሻንጉሊት ቤት የሚሠሩ ሰዎች የሚከተሉት የታወቀ ልክ አለ፤ ይኸውም አሥራ ሁለቱን ወደ አንድ ማሳነስ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1924 ለእንግሊዝ ንግሥት ሜሪ የተፈጸመውና ዛሬ በዊንዘር ቤተ መንግሥት ያለው ስመ ጥሩ የአሻንጉሊት ቤት በዚህ ልክ የተሠራ ነው። በዚህ ልክ 96 ሴንቲ ሜትር የነበረ ፈረስ 8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። መልኩ በልክ ሊያንስ ይችላል፤ አካሄዱ ግን በዚያ ልክ አያንስም። የተወዛዋዥ ነገር ፍጥነት ከመጠኑ ጋራ የተያያዘ ነውና፣ አሥራ ሁለት ጊዜ ያነሰው ፈረስ ከትልቁ ሦስት ጊዜ ተኩል ያኽል ፈጥኖ ይወዛወዛል። ስለዚህ በጣት ሲገፉት ደንገላሳ አይሄድም፤ ብርድ እንደ ያዘው ይንቀጠቀጣል። ዐይን የሚያየው ፈረስ የተከበረ የመኳንንት ፈረስ ነው፣ እንቅስቃሴው ግን የድንቢጥ ነው። ብዙዎቹ ሠሪዎች ጋማውን ጠጕር በጠጕር ሲተክሉ ይህን አላስተዋሉትም።

መድኀኒቱ ከባድ አይደለም። የፈረሱ አካል ከከባድ እንጨት፣ ደጋኑ ከቀላልና ከስስ እንጨት ቢሠራ፣ የደጋኑም ጕብጠት ጥቂት ቢከብብ፣ ውዝዋዜው ይዘገያል። ነገር ግን ክብደቱ ወደ ላይ በወጣና ደጋኑ በከበበ መጠን ፈረሱ ለመውደቅ ይቀርባል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ጠባብ ስፍራ የሚያገኝ እጅ የባለሙያ እጅ ነው። አሥራ ሁለት ጊዜ አሳነስሁ የሚለው ግን ቈጣሪ እንጂ ሠሪ አይባልም።

በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ይህን ነገር በሌላ መንገድ ያውቀዋል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ መወድስ ስምንት ነው። ነገር ግን ጉባኤ ቃና የተቈረጠ መወድስ አይደለም። የራሱ ልክ፣ የራሱ ዜማ፣ የራሱ ሰምና ወርቅ አለው፤ ስምንቱን ቤት ጨምቄ በሁለት አገባለሁ ያለ ተማሪ በመምህሩ ፊት ይታረማል። ትንሹም ፈረስ የተጨመቀ ትልቅ ፈረስ ከሆነ ይበላሻል። ትንሽነቱን የሚያውቅ ፈረስ መሆን አለበት፤ ይህም ማለት አንገቱ ጥቂት ይወፍራል፣ ጆሮው ከልኩ ጥቂት ይበልጣል፣ ነጠብጣቡ ይቀራል፣ ኮርቻው በሦስት ቢላ ምት ይነገራል ማለት ነው።

ሌላም የሚከብድ ነቀፋ አለ። ቅኔ አንድ ጊዜ ተዘርፎ አይደገምም። ትናንት በማኅሌት የተሰማውን ዛሬ የራሱ አስመስሎ የሚያመጣ ሰው፣ ምንም ድምፁ ቢያምር፣ ይታፈርበታል፤ መንገዱን ግን፣ ልኩንና ዜማውን፣ ማንም ከመምህሩ ቢወስድ አይነቀፍም፤ እንዲያውም ሳይወስድ ባለቅኔ አይሆንም። የጥንት መጫወቻን እያዩ መሥራትም እንዲሁ በሁለት ይከፈላል። ደጋኑ መንገድ ነው፤ ሁሉም ሊወስደው ይችላል። ግራጫ ነጠብጣቡ፣ ረጅም እግሩ፣ የእንግሊዝ ኮርቻው ግን የሌላ ሰው ቅኔ ነው። አንድ የአዳማ አናጢ መጥረቢያውን አንሥቶ ይህን ሥራ ቢጀምር የሚፈረድበት በዚህ ነው፤ ደጋኑን በመውሰዱ ማንም አይወቅሰውም፣ ፈረሱን ከወሰደ ግን ደጁ ላይ የቆመውን ፈረስ ትቶ ከባሕር ማዶ የተበደረ ይሆናል።

ደጁ ላይ የቆመው ፈረስ ደግሞ ያልተነገረለት አይደለም። የኢትዮጵያ ፈረስ ቁመቱ አጭር፣ ሰኰናው ጠንካራ፣ ዳገት የሚችል ነው፤ የሰላሌ፣ የባሌ፣ የሆሮ፣ የቦረና፣ የከፋ ፈረስ እየተባለ በአገሩ ስም ይጠራል፤ በሐረርጌም በኩንዱዶ ተራራ ላይ ባለቤት የሌለው የዱር ፈረስ መንጋ አለ። መልኩም የራሱ ስም አለው። ቀዩ ዳማ፣ ጥቍሩ ጕራቻ፣ ግንባሩ ነጭ ያለበት ቦራ፣ ነጩ አምባላይ ይባላል። ከእነዚህም ዳማ፣ ቦራና ጕራቻ የኦሮምኛ ቃላት ናቸው፤ አማርኛ ተናጋሪው ፈረሱን በኦሮሞ ቋንቋ ቀለም እየጠራ ኖሯል። የጦረኛ መጠሪያም ከፈረሱ ይመጣ ነበር፤ አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ተብለዋል። ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ስም እንኳ የራስ መኰንን ፈረስ ስም ነው። ፈረስ ለጌታው ስም የሚሰጥበት አገር ልጅ፣ ስም የሌለው ግራጫ ፈረስ ገዝቶ ምን ይለዋል?

ኮርቻውም ልዩ ነው። ከፊትና ከኋላ ከፍ ብሎ ጋላቢውን እንደ ወንበር ይይዘዋል፤ እርካቡም በቀድሞ ልማድ ጠባብ ሆኖ አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት ነበር። ይህን በአንዲት ቀለበት ማሳየት ለትንሽ ፈረስ ሠሪ ምን ያኽል ደስ የሚያሰኝ ሥራ ነው! አንድ የክር ቀለበት ብቻ ከኮርቻው ሥር ቢንጠለጠል፣ ያየው ሽማግሌ ሁሉ አገሩን ያውቀዋል።

ለመልኩ የሚሆን ምሳሌም በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ሞልቷል። የቅዱስ ጊዮርጊስ አምባላይ ፈረስና የቅዱስ መርቆሬዎስ ጥቍር ፈረስ የተዘረጉ በራሪዎች አይደሉም፤ አንገታቸውን ቀልበስ አድርገው፣ አንድ የፊት እግራቸውን አንሥተው፣ የተሸከሙትን የሚያውቁ ሆነው ይረግጣሉ። በላሊበላም በቤተ ማርያም ምዕራብ ደጅ ላይ ከዓለቱ የተፈለፈሉ ሁለት ፈረሰኞች አሉ፤ በጣም ትንሽ ናቸው፣ ግን ማንም ትንሽ ናቸው ብሎ አይንቃቸውም። እውነት ነው፣ ሥዕልም ሆነ ፍልፍል ሥራ ፈረሱን በጐን ብቻ ያሳያል፤ ጠራቢው ግን ደረቱንም፣ ታፋውንም፣ ሁለቱንም ዐይን መሥራት ይገባዋልና፣ ከግድግዳው የሚማረው ግማሹን ብቻ ነው። ሌላውን ግማሽ ከጎዳናው መማር አለበት።

ጎዳናው ግን የሚያሳየው የአባ ዳኘውን ፈረስ አይደለም፤ እዚህ ላይ ፍርዱ ይከብዳል። አዳማ ሜዳ ከተማ ስለ ሆነች ለጋሪ ትመቻለች። ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ በአዳማ በኩል ያለፈ ነውና፣ ከተማዋ መንገደኛና ሸቀጥ የሚበዛባት ሆነች። በሞጆ፣ በመቂ፣ ዛሬ ባቱ በምትባለው በዝዋይ፣ በሻሸመኔም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ አሮጌ የመኪና ጎማ ሁለት፣ ጥቂት ሳንቃ፣ አንድ አግዳሚ መቀመጫ፣ አንድ ፈረስ። በእነዚህ ከተሞች ነፍሰ ጡር ሐኪም ቤት የደረሰችው፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ገበያ የወጣው፣ ተማሪ በዝናብ ቀን ቤቱ የገባው በዚህ ፈረስ ነው። ባለጋሪው ጌጥ የሚወድ ከሆነ በግንባሩ ላይ ቀይ ክር ያስርለታል። ከክሩ በታች ግን ብዙ ጊዜ የጠፍሩ ቍስል አለ፤ ሲያረጅም ወይም ሲያነክስ ልጓሙ ተፈትቶ በመንገድ ዳር ይተዋል፤ በአስፋልት መካከል ቆሞ መኪና የሚያልፍበትን ፈረስ ያላየ የእነዚህ ከተሞች ነዋሪ የለም።

አሁን ጠራቢው የትኛውን ፈረስ ይቅረጽ? የጥንት መጫወቻን የሚወዱ ሰዎች የሚመልሱት የታወቀ ነው፤ የከበረውን፣ የጌጠኛውን ይላሉ። ብዙ የከተማ ሰዎችም የጉግሱን ፈረስ፣ በወርቀ ዘቦ የተሸለመውን ይመርጣሉ። ለዚህ ምርጫ ክብር ይገባዋል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ፈረሶቹን ሸልሞ ሲወጣ፣ በዐድዋ የወደቁትን ፈረሶች ጭምር ያስባል፤ የአርሲ ኦሮሞ ፈረሰኞችም በሠርግና በለቅሶ ፈረሳቸውን አስጊጠው ይወጣሉ። የእነዚህ ፈረስ ሕያው ነውና ሊቀረጽ ይገባዋል። ነገር ግን የአዳማ ልጅ ያን ፈረስ በቴሌቪዥን እንጂ በደጁ አያየውም። በደጁ የሚያየው ቀይ ክር ያለው ዳማ የጋሪ ፈረስ ነው፤ እርሱም እያለቀ ነው። የሚያልቀውን ትቶ የማያውቀውን መቅረጽ ዝናን መከተል ይመስላል።

የሥራ ፈረስ ለመቀረጽ አይበቃም የሚል ካለ የስዊድንን አገር ይመልከት። በዳላርና አውራጃ፣ በሞራ ከተማ አካባቢ፣ ገበሬዎችና እንጨት ቈራጮች በረጅሙ የክረምት ማታ ከእሳት ዳር ተቀምጠው ከተረፈ እንጨት ለልጆቻቸው ፈረስ ይጠርቡ ነበር። ያ ፈረስ የንጉሥ ፈረስ አይደለም፤ አንገቱ ወፍራም፣ እግሩ አጭር፣ ግንድ ጐታች የሥራ ፈረስ ነው። ደጋንም መንኰራኵርም የለውም። ቀይ ቀለም ቀብተው በላዩ ላይ ኮርቻና ማሰሪያ የሚመስል አበባ ሣሉበት። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1939 በኒው ዮርክ በተደረገው የዓለም ትርኢት ላይ ግዙፍ ምስሉ ከቆመ በኋላ የአገሪቱ ሁሉ ምልክት ሆነ። የቻርልስን ፈረስ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ የገበሬውን ፈረስ ግን ዓለም ያውቀዋል። ዛሬ በብዛት እየተሠራ ለአገር ጐብኚ መሸጡ ጥቂት ቢያወፍረውም፣ አሁንም የሚያሳፍር ሥራ አይደለም።

ስለ ዕቃው ደግሞ ማንም ከውጭ የሚያመጣው ነገር የለም፤ ይህም ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርም ነው። የአውሮፓ ጠራቢ በእንጨቱ ላይ የሚቀባው ጀሶ፣ የኢትዮጵያ ሠዓሊዎች በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከነበረው ከፍሬ ጽዮን ጀምሮ በሥዕል ሳንቃ ላይ የቀቡት ነው። ጋማና ጅራት የሚሆነው የፈረስ ጠጕር በየቤቱ አለ፤ ሽማግሌው በጭራው ዝንብ የሚከላከለው በእርሱ ነው፣ አዝማሪውም ማሲንቆውን የሚያናግረው በእርሱ ነው። ከማሲንቆ ክር የተረፈ አንድ እፍኝ ጠጕር ለሃያ ትናንሽ ፈረሶች ጋማ ይበቃል። ለአካሉ ወይራ አለ፤ ከባድና ጥብቅ ስለ ሆነ ከላይ እንደ ተባለው ውዝዋዜውን ያዘገያል፣ ሲለሰልስም ያለ ቀለም ዳማ ይመስላል። ለስስና ለቀላል ክፍል ዋንዛ አለ። ጀሶ የሚያስፈልገው ለአምባላዩ ብቻ ነው፤ ወይራን በጀሶ መሸፈን ግን ሐጢአት ባይሆንም ቂልነት ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ሊታለፍም አይገባውም። ልጅ ሸንበቆ አለው። ሸንበቆው ጆሮ የለውም፣ ዐይን የለውም፣ ዳማ ይሁን ጕራቻ አይለይም፤ ስለዚህም ልጁ በፈለገው ቀን የፈለገውን ይሆንለታል። የቄስ ልጅ የአባቱን መቋሚያ ከበስተኋላ ወስዶ ሲጋልብ የሚገሠጸው፣ መቋሚያው በእርግጥ ፈረስ ስለ ሆነለት ነው። መልኩ የተፈጸመ ፈረስ ግን ለልጁ ሐሳብ የሚተውለት ስፍራ ያንሳል፤ መዳፍ የሚያኽለው ደግሞ ጭራሽ አይጋለብም። እንግዲህ ይህ ሁሉ ጥበብ ለማን ነው?

መልሱ ለልጁ ብቻ አይደለም የሚል ነው። የሸንበቆው ፈረስ የሚኖረው የሥጋው ፈረስ በመንገድ ላይ እያለ ነው፤ ልጁ አረማመዱን፣ ማሽካካቱን፣ ራሱን መነቅነቁን ከጋሪው ፈረስ አይቶ ወደ ሸንበቆው ያመጣዋል። ጋሪው ከጎዳናው የወጣ ዕለት ሸንበቆው ሸንበቆ ሆኖ ይቀራል። ያን ጊዜ በመስኮቱ ዳር የቆመች፣ በጣት ሲነኳት ዝግ ብላ ደንገላሳ የምትሄድ፣ ቀይ ክር በግንባሯ ያለባት አንዲት ዳማ ፈረስ ብትገኝ፣ ልጁ ፈረስ እንዴት እንደሚሄድ ከእርሷ ያያል። የእንግሊዙ ግራጫ ይህን አገልግሎት ሊሰጥ አይችልም፤ እርሱ የሚያስታውሰው የሌላ ሰው ጎዳና ነው። ስለዚህ ትንሹ ፈረስ መጫወቻ አይደለም ተብሎ አይናቅ፤ ነገር ግን ጌጥ ብቻ ሆኖ ከቀረ ወርቅ የሌለው ሰም ነው።

ጠፍሩ ያቈሰለውን ትከሻ ጠራቢው ያሳየው ወይስ ይለፈው የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ለልጅ የሚሰጥ ነገር ላይ ቍስል መቅረጽ ጭካኔ ነው የሚሉ አሉ፤ ሳይቀርጹ ማለፍም ሐሰት ነው የሚሉ ይኖራሉ። ትክክለኛው፣ ቍስሉን ሳይሠሩ ጠፍሩን በስፍራው ማኖር ይመስላል። ጠፍሩ በስፍራው ካለ፣ ጋሪ ያየ ሁሉ ከበታቹ ያለውን ያውቃል፤ ያላየም አንድ ቀን ይጠይቃል።

ስለ ደጋኑ ደግሞ ጠራቢው ከአናጢ ይልቅ ከአራሽ ቢማር ይሻለዋል። አናጢ ቀጥ ያለውን ሳንቃ በመጋዝ አጕብጦ ይቈርጣልና፣ የእንጨቱ ጅማት በየጫፉ ይበጠሳል፤ እንዲህ ያለ ስስ ደጋን በሁለተኛው ሳምንት ይሰነጠቃል። አራሽ ግን እርፍና ድግር የሚሆነውን እንጨት ሲሻ ጫካውን ይዞራል፣ በተፈጥሮው የጐበጠውን ቅርንጫፍ መርጦ ጅማቱን ተከትሎ ይጠርበዋል፤ ስለዚህም ማረሻው ድንጋይ ሲመታ አይሰበርም። ከአዳማ ወደ መቂና ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ጐባጣ የግራር ቅርንጫፍ ሞልቷል። ከአንዱ ቅርንጫፍ እንደ ጥፍር የሳሱ ሁለት ደጋኖች፣ ጎን ለጎን ከአንድ ጕብጠት ስለሚወጡ፣ ያለ ልኬት እኩል ይሆናሉ።